በሩን የያዘ ሁሉ

አንድ ከተማ ነበረ፤ ስሙን የሚያውቅ ካለ በልቡ ይያዘው። ብርድ በሚጠናበት ወር የዚያ ከተማ በሮች አይዘጉም ነበር። ማጠፊያቸው ዝጎ አይደለም፤ ሕግ ነው።

በዓሉ የሙላት በዓል ይባላል። ሊገባ ሰባት ቀን ሲቀረው የደጅ ሹሞች በየሰፈሩ ይወጣሉ። በሮቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ስለሆኑ፣ ሹሙ ከውጭ ቆሞ ሊዘጋቸው በሁለት መዳፉ ገፋ ያደርጋቸዋል። ቤቱ በተገዛ ዕቃ ጢም ብሎ፣ ዕቃው ከደፉ አልፎ በሩን ከያዘው፣ ሙሉ ቤት ነው። ሹሙ ይመርቃል፤ በሩን በያዘው ነገር ላይ ቀይ ሪባን ያስራል፤ ያልፋል። ሪባን የታሰረበት ነገር በበዓሉ ማለዳ በስተቀኝ ላለው ጎረቤት ይሰጣል። ከበዓሉ በኋላ በስምንተኛው ቀን ደግሞ ሁሉም የተቀበለውን ተሸክሞ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ገደል ይወስድና ይጥለዋል። ካልተጣለ የመጪው ዓመት ሙላት የት ይገባል?

በሩ የተዘጋ ቤት ግን ጎዶሎ ቤት ነው።

ጎዶሎ ቤት አይቀጣም፤ ይኼን ልብ በሉ። አዋጁ ራሱ «እኛ የምንቀጣ ሰዎች አይደለንም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጎዶሎ ቤት ይረሳል። በሩ ላይ ኖራ ይቀባል። ከዚያ ወዲያ የቤቱን ሰዎች ማየት፣ መስማት፣ በስማቸው መጥራት አይፈቀድም። ቤቱም ቤት መሆኑ ያበቃል።

*

ወርቅያንሹ የምትፈራው ይኼንን ነበር፤ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልብስ ሰፊው ጫንያለው ሲረሳ አይታለች። ሰውየው ወዲያው የሞተ እንዳይመስላችሁ። ለወራት ከቤቱ ጭስ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ጀሪካኑን ይዞ ቦኖው ዘንድ መጣና ተሰለፈ። ከኋላው የመጡት ሴቶች አልፈውት ቆሙ። አንዷ የሞላ ጀሪካኗን እግሩ ላይ አስቀመጠች። ጫንያለው እግሩን አላነሳም፤ አንድ ሰው የነካው ያን ጊዜ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

ወርቅያንሹ ተራዋ ደርሶ ስትቀዳ ጠጋ ብሎ «እህቴ» አላት፣ በጣም ቀስ ብሎ። እሷ ቧንቧውን ትኩር ብላ ማየቷን ቀጠለች። ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ ጫማዋን እስኪያርሰው ድረስ ቧንቧውን አየች።

በክረምቱ ማብቂያ ጭሱ ቆመ። መቆሙንም ያየ የለም።

*

ሥራዋ ጥቅል ቤት ነው። የበዓሉ ካርቶኖች በሚያብረቀርቅ ወረቀት የሚጠቀለሉት እዚያ ነው። አንዷ ታጥፋለች፣ አንዷ ሙጫ ትቀባለች፣ አንዷ ጠርዙን በጥፍሯ ትጫነዋለች። ወርቅያንሹ ጥፍር ናት። በካርቶኑ ውስጥ ሌላ ካርቶን አለ፤ በዚያኛው ውስጥ ደግሞ አነስ ያለ። ሠራተኞቹ ይኼንን ያውቃሉ። ከተማውም ያውቃል። የሚያውቁትን አለመናገር በዚያ አገር የጨዋ ልጅ ምልክት ነበር።

ቤት ውስጥ እናቷ አለች፤ እማማ ትብለጥ። ሁለት ክረምት አለፋት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በአንድ ወገን አልጋው፣ በሌላው ወገን እስከ ጣሪያ ካርቶን። ባለፈው ዓመት አንድ ክምር ተንዶ እናቷ ላይ ወደቀ። ባዶ ስለነበር አልጎዳትም። «ቢጎዳኝ ኖሮ እኮ ደስ ይለኝ ነበር» አለች፤ «ቢያንስ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

ዘንድሮ ጀርባዋ መቁሰል ጀመረ። ወርቅያንሹም ማንም በዚያ ከተማ አድርጎት የማያውቀውን አደረገች። ካርቶኖቹን ወረቀታቸውን ልጣ፣ በእግሯ ረግጣ፣ ዘርግታ ከእናቷ ፍራሽ ሥር አነጠፈቻቸው። በቀን ሁለት፣ በቀን ሦስት። የእናቷ ቁስል ደረቀ። ክምሩ ግን ጎደለ።

*

የጎደለውን ልትሞላ ገበያ ወጣች። ገበያው በዓሉ አርባ ቀን ሲቀረው ይጀምራል፤ በየዓመቱም አንድ ቀን ይጨመርበታል። አሁን እሷ የወጣችው ከፍተሻው በፊት ባለው በመጨረሻው ቀን ነው።

ሰው ሰውን እየገፋ ይሄዳል። በየሱቁ ደጃፍ የላስቲክ ዛፍ ቆሟል፤ በዛፉም ላይ በረዶ የሚመስል ጥጥ ተበትኗል። በዚያ አገር በረዶ ወድቆ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ግን ጥጡን በጥንቃቄ ከትከሻቸው ላይ ያራግፉ ነበር፤ እንዳይበርዳቸው።

አንድ ነጋዴ ከእንጨት የተሠራ ነገር አስታቀፋት።

«ይኼ ምንድነው?»

«የመብራት ማስቀመጫ።»

«መብራት የለኝም።»

«ታዲያ መብራት ቢኖርሽ ማስቀመጫው አይያዝም ነበር? ባዶ መሆኑ ነው ጥሩነቱ።»

«ምን ይሠራል ማለቴ ነው።»

ነጋዴው እንደ ሕፃን አያት። «ቦታ ይይዛል እንጂ። ሌላ ምን እንዲሠራልሽ ነው፣ እህቴ? ልብስ እንዲያጥብልሽ?»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሳቁ ውስጥ ሩጫ ነበረበት፤ እየሳቁ እጃቸው ይገዛል። ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነበር፤ ከኋላው ውሻ የሚያሳድደው ሰው ፊት። ማንም የሚፈልገውን አይገዛም፤ ሁሉም በሩን እያሰበ ይገዛል። ወርቅያንሹ የእንጨቱን ነገር መልሳለት በክርኗ እየገፋች ወጣች። ዳር ደርሳ እጇን ስትመለከት የያዘችው አንድ እፍኝ ጥጥ ብቻ ነው።

*

በፍተሻው ዕለት ጠዋት በሩን ራሷ ሞከረችው። ክንድ ሙሉ ያህል ጎድሎ ነበር። በሩ ያለ ምንም ችግር ገጠመ፤ እሷም እሳት እንደነካት ሁሉ መልሳ ገፋችው።

«እማዬ፣ አልጋሽን ትንሽ ልግፋው?»

«ወዴት?»

«ወደ በሩ። ፀሐይ እንድታገኚ።»

«ፀሐይዋ ሁለት ዓመት እዚያው ነበረች። ዛሬ ምን ትዝ አለሽ?» አለች እናቷ። ከዚያ የልጇን ፊት አየች። «ግፊ» አለች። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዕቃ ሁኚ ካልሺኝም እሆናለሁ። እንደ ካርቶኖችሽ ግን ባዶ አይደለሁም፤ ትናንት ሽሮ በልቻለሁ።»

ወርቅያንሹ አልጋውን ገፋችው። ግርጌው ከእናቷ እግር ጋር ከደፉ አልፎ ወጣ። የእናቷ ሁለት እግሮች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መንገዱ ላይ ተንጠለጠሉ።

ሹሙ እኩለ ቀን ላይ መጣ። አለቃ ስሜነህ ይባላል፤ መዳፉ ለስላሳ፣ ድምፁ የታማሚ ጠያቂ ድምፅ ነው። ከኋላው በአንገቱ ዙሪያ ሪባን የተጠመጠመ አንድ ሽማግሌ ይከተለዋል። አለቃ በሩን ገፋ አደረገ። በሩ ከአልጋው ጋር ሲገናኝ ቆመ።

«ተመስገን» አለ አለቃ። «የያዘው ምንድነው?»

«አልጋ ነው፣ ጌታዬ።»

«አልጋ የቤት ዕቃ ነው፤ የቤት ዕቃ በር አይይዝም። ለበዓሉ የገባ ነገር ነው የሚይዘው። ስለዚህ አልጋውን የለም ብለን እንየው። አልጋው ላይ ያለውስ?»

«እናቴ ናት።»

«እሳቸውም የቤት ዕቃ ናቸው?»

ወርቅያንሹ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። ቢጠይቋችሁ እናንተስ ትወስዱ ነበር? «ኧረ አይደለችም» አለች፤ «ሰው ናት እንጂ።»

«እንግዲያ በሩን የያዙት እሳቸው ናቸው» አለ አለቃ። ፊቱ በደስታ በራ። «በሰባት ዓመት ሹመቴ እንዲህ ያለ ሙላት አላየሁም። ሰው ድረስ የሞላ ቤት። እሰሩላቸው።»

«ጌታዬ፣ ምኑን ነው የሚያስሩት?»

«ደንቡ አጭር ነው፣ ልጄ። በሩን የያዘ ሁሉ ስጦታ ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በእማማ ትብለጥ የእግር አንጓ ላይ ሪባኑን ጠመጠመ። «ጠበቀብዎ፣ እማማ?»

«ላላ አድርገው እስቲ፣ ወንድሜ። ስጦታ ሲሰጥ ሊያለቅስ አይገባም።»

*

የሪባን ጽሕፈት ቤት በር አርአያ መሆን ስላለበት በቅጻቅጽ ተሞልቶ ባለጉዳይ አያስገባም። ሰው የሚያመለክተው በወረቀቶቹ መካከል ባለች ክፍተት ነው። ወርቅያንሹ አፏን አስጠግታ ጉዳይዋን ተናገረች። ከወዲያ በኩል የጸሐፊው አንድ ዓይን ይታያታል።

«ሪባን ይታሰራል እንጂ አይፈታም» አለ ዓይኑ። «የሚፈታው የተቀበለው ሰው ነው፤ ከተቀበለ በኋላ።»

«የምትሰጠው እኮ እናቴ ናት። በስምንተኛው ቀን ወደ ገደሉ ነው የሚወስዷት።»

«የማይጣል ነገር እንዳይኖር አዋጁ ጠንቃቃ ነው። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ እንጂ። መንገድ የሌለው መንግሥት የለም። በሩን መዝጋት ነው። በሩ የተዘጋ ቤት ውስጥ ሙላት የለም፤ ሙላት ከሌለ ስጦታ የለም፤ ስጦታ ከሌለ ሪባኑ ክር ነው። እናትሽ እዚያው ይቀመጣሉ።»

«እኛስ?»

የጸሐፊው ዓይን ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ ተነሥቶ ከኋላዋ ያለውን አጥር ተመለከተ፤ በእሷ ውስጥ አልፎ። ለመለማመድ ያህል ይመስል ነበር።

*

በስተቀኝ ያለው ቤት የጋሽ ባንተይርጋና የሚስቱ የእትዬ ዘርትሁን ነው። ወርቅያንሹን ያቋደሷት፣ ያሳደጓት ጎረቤቶች ናቸው። እትዬ ዘርትሁን በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ገመድ ይዛ መጣች፤ የእማማ ትብለጥን ቁመት ለካች።

«ከመስኮቱ ሥር ነው የማደርጋት» አለች። «የላስቲክ ዛፉን ካነሣሁት ትገባለች። ትብልዬ፣ ነፋስ አይነካሽም።»

«ዛፉስ አይከፋውም?» አለች እማማ ትብለጥ።

ወርቅያንሹ ዘርትሁንን እጇን ይዛ ወደ ደጅ አወጣቻት። «እትዬ፣ ተቀብለሽ ሪባኑን ፍቺና መልሺልኝ። በግቢው በኩል፣ ማንም ሳያይ።»

«የተሰጠ መመለስ እኮ...»

«ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ። ባንተይርጋ ያያል። ከዚያ ወዲያ እሱ እኔን ይፈራል፣ እኔም እሱን። አንድ ቀን ሲጣላኝ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» ዘርትሁን ገመዱን በጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። «ስምንቱን ቀን እንደ ንግሥት አኖራታለሁ። እኔን ይድፋኝ! ወተት አጠጣታለሁ።»

«ስምንተኛው ቀንስ?»

«ስምንተኛው ቀን ሁላችንም የምንሄድበት ቀን ነው» አለች ዘርትሁን። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ቁመቱን የለካችበትን ቋጠሮ ግን አልፈታችም።

*

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለች እናቷ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ። ወርቅያንሹ እግሯን በለብ ያለ ውሃ እያጠበቻት ነበር። «አያቴ ስትነግረኝ፣ አንዲት መንገደኛ በብርድ ወር ምጥ ይዟት ይኼ ከተማ ደረሰች። በየደጁ ዞረች። በር የከፈተላት አልነበረም። በመጨረሻ አንድ በር ያልነበረው፣ ባዶ ኦና ቤት አግኝታ እዚያ ወለደች። ሰዎቹ ሲነጋ ሰሙና አፈሩ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ በዚያ ሰሞን፣ ማንም በሩን አይዘጋም ተባለ። ለሚመጣው ሰው ቦታ ይኑር ተብሎ።»

«እና ዕቃው?»

«ዕቃውማ...» እናቷ አሰበች። «መጀመሪያ አንዱ የተከፈተው በር በነፋስ እንዳይዘጋበት ድንጋይ አደረገ ይሉ ነበር። ጎረቤቱ ያንን አይቶ ትልቅ ድንጋይ አደረገ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ።»

ውሃው ቀዘቀዘ። ወርቅያንሹ የእናቷን እግር በነጠላዋ አደረቀች።

«ስጪኝ፣ ወርቄ» አለች እናቷ። «እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ። አንቺ ሳትረሺ ኑሪ።»

ወርቅያንሹ ጫንያለውን እያሰበች ነበር። እሺ ለማለት አፏ እንደተዘጋጀ ታውቆአት ነበር፤ የፈራችው ያንን እሺታ ነው።

*

የበዓሉ ማለዳ ከበሮ ይመታል። ሹሞቹ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ስጦታ ያሻግራሉ። ወርቅያንሹ እናቷን ነጭ አልብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ ጨርሳለች። አዎ፣ ልትሰጣት ነበር። እውነቱን ካልተናገርኩ ማውራቴ ምን ይጠቅማል?

ከበሮው ሦስት ቤት ቀረው። «ነይ ደግፊኝ» አለች እናቷ፤ «ተቀምጬ ልጠብቃቸው። ተኝቶ መሰጠት ደስ አይልም።»

ወርቅያንሹ ብብቷን ይዛ ልታነሣት ሞከረች። አልተነሣችም። ደግማ ሞከረች። ጎንበስ ብላ ስታይ የእናቷ ግራ እጅ የአልጋውን ብረት ጨብጧል፤ ጣቶቹ ደም እስኪሸሻቸው ድረስ።

«እማዬ፣ ልቀቂው።»

«ለቅቄዋለሁ እኮ» አለች እናቷ። ፊቷ ፈገግ ብሎ ነበር። እጇ የሚያደርገውን አላወቀችም።

ሁለት ቤት ቀረ። ወርቅያንሹ ያንን እጅ አየችው። ከዚያ አልጋው እንዲገባ በሩ አጠገብ የተከመሩትን ካርቶኖች በእግሯ ወደ መንገዱ ገፋቻቸው፤ ባዶ ስለሆኑ እየተንከባለሉ ሄዱ። አልጋውን ከነእናቷ ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። እጇን ወደ ውጭ ዘርግታ የበሩን እጀታ ያዘች። ጋሽ ባንተይርጋ ከደጃፉ ቆሞ ያያት ነበር፤ የያዘው የስጦታ መቀበያ ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

በሩን ሳበችው። እንጨት ከእንጨት ገጠመ።

*

መጀመሪያ ከበሮው ቆመ። ቀጥሎ ኖራ ቀቢው መጣ፤ ብሩሹ በበሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ ይሰማታል። አለቃ ስሜነህ በዚያው የታማሚ ጠያቂ ድምፁ «አለቀ?» አለ። «አለቀ» አሉት። ከበሮው እንደገና ተመታ፤ አለፈ።

ወርቅያንሹ በሩን ተደግፋ ተቀመጠች። ይኸው ሁለቱም አሉ፣ እናቷ አልጋዋ ላይ ናት። ወደ እናቷ እግር ተጠግታ ሪባኑን በጥርሷ ይዛ ፈታችው። ጭስ ይወጣል፣ አለች በልቧ። ቦኖው ዘንድ እሄዳለሁ። ጀሪካናቸውን እግሬ ላይ ያስቀምጡ።

ከውጭ ድምፅ መጣ። የጋሽ ባንተይርጋ ነው።

«ዘርትሁን፣ ይኼ ሁሉ የተረፈ ካርቶን መንገድ ዘጋ። የት እናድርገው?»

«እንጃ።»

«እዚህ ባዶ ግድግዳ አለ። ወደዚህ አምጡ።»

የመጀመሪያው ካርቶን በሩ ላይ ሲያርፍ ብዙም አልከበደም። ሁለተኛው ከሥሩ ገባ። ሌሎች ጎረቤቶችም ቦታ መገኘቱን ሰምተው መጡ፤ «ኧረ ይኼ ግድግዳ የት ነበር?» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ከበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን በስተግራ በኩል ጠፋ፣ መካከሉ ጠፋ። ወርቅያንሹ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ትንሽ ሄደ። እንደገና ስትገፋው አልሄደም። ባዶ የተባለው ካርቶን ሲከመር እንደሚከብድ እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።

ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ በእሷም ላይ አንድ ሰው ክምሩን ሊያስረዝም መሰላል አስደግፏል።

በእጇ በሩን መታችው። ደጋግማ፣ በመዳፏ፣ ከዚያ በጡጫዋ። «እትዬ! እትዬ ዘርትሁን! እኛ ነን፣ ከውስጥ ነን።»

ከወዲያ በኩል ጫማ ቆመ። ቅርብ ነው፤ ትንፋሿ ይሰማል።

«ዘርትሁን፣ ምን ገተረሽ?» አለ ባሏ ከሩቅ።

«ምንም» አለች ዘርትሁን።

እማማ ትብለጥ በጨለመው ክፍል ውስጥ ቀና ለማለት ሞከረች። «ወርቄ» አለች፣ «አሁን ደግሞ ለማን ሊሰጡን ነው የሚጠቀልሉን?»

ቀጣዩ ካርቶን እንደ ሌሎቹ አልተወረወረም። አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።